ሰማያዊ ይወዳል

ክቡር ርዕሰ መምህራችን አቶ ዓለምነው፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤ ስለ ድግሱ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋቢው ሞቅ ያለ ነው። የግድግዳ ሰዓቱም ያምራል። ከእንግዲህ የትም ለማታረፍድ ሴት ሰዓት መስጠት ከእናንተ በቀር ለማን ይመጣለታል? ለማንኛውም እሰቅለዋለሁ።

ከእኔ በፊት የተናገራችሁትን በጥሞና ሰምቻለሁ። ትዕግሥተኛ አላችሁኝ። ለስላሳ አላችሁኝ። የሰው ስሜት አትጎዳም አላችሁኝ። ሌላ ደብሪቱም ዛሬ ጡረታ ትወጣ እንደሆን ብዬ ግራ ቀኝ ዞር ብዬ አየሁ። እኔ የማውቃት የታሪክ አስተማሪዋ ደብሪቱ፣ በኮሪደሩ ስትመጣ አይታችሁ ወደ መጸዳጃ ቤት የምትታጠፉላት ናት። ግን ምን ይደረግ፤ ሬሳና ጡረተኛ የማይመሰገንበት ሀገር የለም።

መምህር ወገኔ፣ ማይኩን አትነካካው። ይሰማል። ዛሬ እንዲሰማ ነው የምፈልገው።

ለምስጋና ብቻ አልቆምኩም፤ መልእክት ይዣለሁ። በዚህ ሳምንት መጀመሪያ መምህር ወገኔ፣ የሥነ ዜጋ አስተማሪያችንና የመምህራን ቡድናችን አሠልጣኝ፣ ቤቴ ድረስ መጣ። እንዴት አደሩ፣ እንዴት ከረሙ፣ ልጆችዎ እንዴት ናቸው፤ የማያልቅ ሰላምታ። ነገር እንዳለው ገባኝ። በመጨረሻ አወጣው።

«እትዬ ደብሪቱ፣ እሑድ እንጅባራ ላይ የመንግሥት ሠራተኞች ውድድር ፍጻሜ አለብን። በረኛችን ደግሞ ከባጃጅ ወድቆ እጁን ተሰብሯል። እባክዎ ሀብቱን ያግባቡልን፤ እርስዎን ይሰማል።»

ሀብቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሒሳብ አስተማሪያችን ነው። ያው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። በግራና በቀኙ ያሉት ወንበሮች ባዶ የሆኑት ሰው ስለጠፋ አይደለም፤ ከኋላ ቆማችሁ የምትሰሙኝን አያችኋለሁ። የሀብቱ አባት ቀጥቃጭ ናቸው። አያቱም ቀጥቃጭ ነበሩ። በዚህ ወረዳ ከእሱ የተሻለ በረኛ እንደሌለ ደግሞ ወገኔ ራሱ አይክድም።

«ታዲያ አንተው አትጠይቀውም?» አልኩት። «ጠረጴዛችሁ ጎን ለጎን አይደለም?»

«አይ፣ በእርስዎ በኩል ቢሆን ይሻላል።»

«የምትፈልገው በረኛ ነው ወይስ ሚስት? አማላጅ ምን ያደርጋል?»

ሳቀ። በጥርሱ ብቻ ነው የሳቀው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከጨዋታው በኋላ ምሳ አለ። ከሌሎቹ ቡድኖች ጋር በአንድ ትሪ ነው የሚቀርበው። እና፣ የእሱን ለየት አድርገን በፌስታል እንይዝለታለን። እሱ እንደሆነ አይከፋውም፤ አስተዋይ ልጅ ነው።»

እስቲ አስቡት። በረኛ የሚፈለገው ለምኑ ነው? ለእጁ። ወገኔ የሀብቱን እጅ ለጎሉ ይፈልገዋል፤ ያንኑ እጅ ትሪው ላይ አይፈልገውም። ኳሱን ይንካ፣ እንጀራውን አይንካ። ይህን ያሰበው ሰው ነው ለልጆቻችን ስለ እኩልነት ፈተና የሚያወጣው።

የሀብቱን መልስ አምጥቻለሁ። አሁን ግን አልነግራችሁም። ታሪክ አስተማሪ ከኋላ ሳይነሣ ወደ ፊት አይሄድም።

ማርቆስን ታስታውሳላችሁ? እንግሊዝኛ ሊያስተምር በበጎ ፈቃድ የመጣውን አሜሪካዊ? ስሙ ማርከስ ነበር፤ ተማሪዎቹ ናቸው ያጠመቁት። ከእኔ የጠቆረ ሰው ነበር፤ ከጋሪ ማቆሚያው እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ግን ሕፃናቱ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ይከተሉታል። እሱም ደስ ብሎት ሰላም ይላቸዋል። ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ልጆች ሰብስቦ በገና ዱላ ቤዝቦል ያጫውት ነበር።

ቤዝቦል ማለት፣ ላላያችሁት፣ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ መትቶ ይሮጣል። የእኛን ገና ሥርዓት ያስያዙት ይመስላል።

አንድ ቀን ዝናብ ይዞን መምህራን ማረፊያ ተሰብስበን ሳለ ስለ አያቱ አጫወተን። አያቱ ኳስ ወርዋሪ ነበሩ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ጥቁር ከነጭ ጋር በትልቁ ሊግ አይጫወትም። በወረቀት የሠፈረ ደንብ እንኳ የለም፤ ባለቡድኖቹ ተግባብተው ነው። ለዚህ መግባባታቸው ደግሞ ስም አላቸው፤ «የጨዋ ሰዎች ስምምነት» ይሉታል።

ጨዋ! ሰማችሁ? እዚያም ጨዋ አለ። እኔ ጨዋ የሚበቅለው እዚህ ጎጃም ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጥቁሮቹስ ምን አደረጉ? ደጅ ጥናት ገቡ? አልገቡም። የራሳቸውን ሊግ አቆሙ። የራሳቸው ቡድን፣ የራሳቸው ዳኛ፣ የራሳቸው ዋንጫ። በየዓመቱ ምርጦቻቸው ቺካጎ ላይ ሲገናኙ ስታዲየሙ ጢም ይል ነበር። ነጮቹ ተጫዋቾች ወቅቱ ሲያልቅ ይገጥሟቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ይሸነፋሉ። ተሸንፈው ሲያበቁ ሆቴሉ የተሸናፊዎቹ ነው። አሸናፊዎቹ አውቶቡስ ውስጥ ይተኛሉ። ምግብ ቢፈልጉ በጓሮ በኩል በመስኮት ነው የሚሸጥላቸው።

የማርቆስ አያት አንድ ቀን ነዳጅ ማደያ ላይ ውኃ ለመኑ። ባለማደያው መደርደሪያው ላይ ብርጭቆ ነበረው። ብርጭቆውን አልፎ የዘይት ቆርቆሮ አነሣና በዚያ ቀዳላቸው። «አያቴ ሲያረጁ ብዙ ነገር ረስተዋል» አለን ማርቆስ። «የዘይቱን ጣዕም ግን አልረሱም።»

ይኼኔ እናንተን ማየት ነበር! ከንፈር መምጠጡ ከዝናቡ በላይ ተሰማ። አቶ ዓለምነው ራስዎን ይዘው «ወይ ጭካኔ!» አሉ። ወገኔማ አለቀሰ። የእውነት እንባ ነው፤ በመሐረብ ጠረገው። «ሰው በሰው ላይ እንዴት እንዲህ ይጨክናል? በውኃ!» አለ።

በውኃ! ነው ያለው። ሀብቱ በዚያችው ሰዓት፣ በዚያው ክፍል፣ በሩ አጠገብ ሻዩን ይጠጣል። በምን? እጀታው በወለቀ ሰማያዊ የላስቲክ ኩባያ። የእናንተ ነጭ ነው፣ አበባ አለበት። የእሱ ከእናንተ ጋር አይታጠብም፣ ከእናንተ ጋር አይደረደርም፣ መስኮቱ ላይ ብቻውን ይደፋል። ሻይ የምታቀርብልንን አምሳለን ስለዚህ ነገር አንድ ጊዜ ጠይቄያታለሁ። «እኔ ምን ላድርግ እትዬ? ከነጮቹ በአንዱ ብሰጠው እኮ የቱን እንደነካው አናውቅም ብለው ሁሉንም ያስጥሉኛል» አለችኝ። እሷን አልወቅስም።

ማርቆስ ዓይን ነበረው። አያቱ ያሳደጉት ሰው ኩባያ ያያል። «ሀብቱ ሁልጊዜ ሰማያዊዋን የሚይዘው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ በቅንነት።

ዓይናችሁን ወደ ሻያችሁ መለሳችሁ። ከዚያ ወገኔ፣ እንባው ገና ከጉንጩ ሳይደርቅ፣ «ሰማያዊ ይወዳል» አለ።

ሁላችሁም ራሳችሁን ነቀነቃችሁ። አዎ፣ ይወዳል። ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። አንዱማ የሒሳብ ሰዎች ሰማያዊ እንደሚወዱ በጥናት ተረጋግጧል ብሎ እርፍ። ሀብቱ ኩባያውን አስቀምጦ ወደ ክፍሉ ሄደ።

በኋላ «አታፍሩም ወይ?» አልኳችሁ። «ደብሪቱ ደግሞ ነገር ትወዳለች» አላችሁኝ። እንግዲህ እሱ ሰማያዊ ይወዳል፣ እኔ ነገር እወዳለሁ። እናንተ ምን እንደምትወዱ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

የዘንገናን ሐይቅ ጥልቀት አውቀዋለሁ የሚል የሀገሬ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። የእናንተን ርኅራኄ ጥልቀት ግን ያን ቀን በሻይ ማንኪያ ለካሁት።

ማርቆስ የተሸኘው በዚሁ አዳራሽ ነው። ጋቢ ሰጣችሁት፤ ለመሆኑ ጋቢውን በጅምላ ነው የምትገዙት? እሱ ደግሞ ባሕር ዳር ሄዶ ያመጣውን ትልቅ ከረጢት ለሀብቱ አሸከመው። «ሰማያዊ ትወዳለህ ሲሉ ሰምቼ ነው» አለው። ከረጢቱ ሲከፈት ለአንድ ሙሉ ቡድን የሚበቃ ሰማያዊ መለያ ነበር። ማርቆስ የተባለውን አምኖ ይሁን፣ ነገሩ ገብቶት ይሁን፣ አላወቅሁም። ሀብቱ ግን ሳቀ። በዚህ ግቢ ውስጥ ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ከዚያ መለያ ነው የሀብቱ ቡድን «ወናፍ» የተወለደው። ቀጥቃጭ እሳቱን የሚያናፍስበት ወናፍ። መጀመሪያ እናንተ ናችሁ ለስድብ ያላችኋቸው፤ እነሱ ተቀብለው ደረታቸው ላይ ጻፉት። የቀጥቃጭ፣ የፋቂ፣ የሸክላ ሠሪ ልጆች ናቸው፤ ከከብት ገበያው ማዶ ድንጋይ ለቅመው ሜዳ አበጁ። አዘና ያሉት ፋቂዎች ወሬውን ሰምተው በቆዳቸው ስም «ጠፍር»ን አቋቋሙ። የእንጅባራዎቹ ሸክላ ሠሪዎች «ገንቦ» ተባሉ። በጭነት መኪና ጀርባ ይሄዳሉ፤ ምሳቸውንና ውኃቸውን ከቤታቸው ይይዛሉ፤ ሰው ቤት ውኃ ለምነው ምን በምን እንደሚሰጣቸው ያውቁታላ! እንግዲህ ይህ ሊግ ካልሆነ ሊግ ምን ሊሆን ነው?

እሑድ እሑድ ማን ሊያያቸው እንደሚሄድ ልናገር? የከተማችን የዳንግላ ጨዋ በሙሉ። ወገኔን እዚያ አይቼዋለሁ፤ ሽንብራ ቆሎውን እየቆረጠመ «ሀብቱ! ሀብቱ!» እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይጮሃል። ባለፈው ጥር ከእናንተ ጋር ተጋጠሙ። አምስት ለባዶ አሸነፏችሁ። ወገኔ «ልምምድ ነው» አለ። መጨረሻ ላይ እጅ መጨባበጥ ሲመጣ እናንተ ከሩቅ እጃችሁን አውለበለባችሁ። ምነው ቢባል፣ «ለኮቪድ ጥንቃቄ ነው።» ባለፈው ጥር! ኮቪድ የት ሄዶ!

ገና ሲመጣ ደግሞ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ጌታ አይቆጣም። ቀጥቃጩ ካልገባበት ማን ይቆጣል?

እኔ የዘንገና ገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ማረሻው ሲዶለዱም ቀጥቃጭ ደጅ ይሄዳል። ስሎ ሲመለስ በጣቱ እየዳሰሰ «እሰይ፣ እጁ ይባረክ» ይላል። ባለእጁ መጥቶ ደጃችን ቢቆም ግን ግባ አይለውም። በአገውኛ አይለውም፣ በአማርኛም አይለውም። በዚህ አገር በሁለት ቋንቋ እንነግዳለን፣ በሁለት ቋንቋ እናለቅሳለን፤ ሠርቶ አዳሪን ለመናቅ ብቻ አስተርጓሚ ፈልገን አናውቅም።

ደግሞ ዓይኑ ይበላል ትላላችሁ። አትሣቁ፤ ዲግሪ ይዛችሁ ትሉታላችሁ። የሀብቱ ዓይን ሰው የሚበላ ቢሆን ኖሮ ይህ ትምህርት ቤት እስካሁን ባዶ በሆነ ነበር። ደግሞም ምርጫው እንዲህ የወረደ አይመስለኝም።

ወደ አሜሪካው ልመለስና ልቋጭ። በእኛ አቆጣጠር በ1939 ዓ.ም. ትልቁ ሊግ በሩን ከፈተ። አንድ ጥቁር ተጫዋች ገባ። ስድቡን ችሎ፣ ዛቻውን ችሎ ተጫወተ፤ ለእሱ ክብር ይገባዋል። ከእሱ በኋላ ግን ሌሎቹን ምርጦች አንድ በአንድ ወሰዷቸው። ለወለዷቸው ቡድኖች ብዙ ጊዜ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አልተባለም። ተመልካቹም ልጆቹን ተከትሎ ሄደ፤ የጥቁሮቹ ሊግ ደረቀ። አሁን፣ አብዛኞቹ ካለፉ በኋላ፣ የእናንተም ትልቅ ሊግ ነበር ብለው ውጤታቸውን ከራሳቸው መዝገብ ጋር ቀላቀሉት። ማርቆስ ይህንን ሲጽፍልኝ «አያቴ ዘንድሮ ትልቅ ሊግ ገቡ፤ መቃብራቸው ላይ ሄጄ ነገርኳቸው» አለኝ። እኔ፣ ለስላሳዋ ደብሪቱ፣ ያንን አንብቤ አለቀስኩ።

እነዚያ ቢያንስ በር ነው የከፈቱት። እናንተ የከፈታችሁት መስኮት ነው፤ እሱንም እጁ ብቻ እንዲያልፍ። እሑድ ወናፍ ከጠፍር ጋር የዋንጫ ጨዋታ እንዳለው ወገኔ ያውቃል። አውቆም ነው የመጣው። «ያን እንኳ ይተወዋል፤ ይኼ ለእሱ ትልቅ ዕድል ነው» ነው ያለኝ።

እንግዲህ ዕድሉን ተሸክሜ ሀብቱ ቤት ሄድኩ። የፌስታሉንም ነገር አልደበቅሁትም። አባቱ ማጭድ እየሳሉ ይሰማሉ። ቀና አላሉም። መዶሻቸውን ግን አቆሙ። ልጃቸው እናንተን እሺ ይላችሁ ይሆን ብለው ፈሩ መሰለኝ። እኔም ፈራሁ። ሰው እኮ ሲገፋ ኖሮ ድንገት ና ቢሉት ይሄዳል፤ በፌስታልም ቢሆን ይሄዳል። ምን ይፈረድበታል?

ሀብቱ አሰበ። ሒሳብ ሲሠራ እንደሚያስበው ነው፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ። ከዚያ መለሰልኝ። ቃሉን አልጨምርም፣ አልቀንስም።

«እትዬ፣ ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ ይበሉልኝ። ግን የመምህራን መለያ አረንጓዴ ነው። እኔ ሰማያዊ ነው የምወደው።»

እንዴ! ምነው አቀረቀራችሁ? እናንተው አይደላችሁ ያላችሁት? ከልጅነቱ ጀምሮ ነው አላላችሁም? በጥናት የተረጋገጠ ነው አላላችሁም? ወገኔ፣ ቀና በል እንጂ። ምስክሩ አንተ ነህ።

አባቱማ ሣቁ። ማጭዱን ጥለው ነው የሣቁት። ከዚያ ለእኔ ጠላ ቀዱልኝ፤ ከእሳቸው ዋንጫ ነው የጠጣሁት። ይኸው በሕይወት አለሁ። ትንሽ ሆዴን አሞኝ ነበር፤ እሱ ግን የእናንተን ስብሰባ በማሰብ ነው።

ሀብቱ፣ ቁጭ በል፤ አልጨረስኩም። ወዴት ነው የምትሄደው?

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ዛሬ ጠዋት ሰማያዊዋ ኩባያ ጠፍታ ነበር። አይታችኋል። አምሳለ መስኮቱን አየች፣ ባልዲውን አየች፣ ከጠረጴዛ በታች አየች። ለሁላችሁም ሻይ ቀዳች። ትርፍ ነጭ ኩባያዎች መደርደሪያው ላይ ተደፍተዋል። ሀብቱ ፊት ስትደርስ ቆመች። ወደ እናንተ ዞረች። ከእናንተ መካከል «በአንዱ ስጪው» የሚል ሰው እየጠበቅሁ እኔም ዙሪያውን አየሁ። ስለ ነዳጅ ዋጋ ማውራት ጀመራችሁ። ሀብቱ ሻይ ሳይጠጣ ወደ ክፍለ ጊዜው ገባ። ሌላው ሁሉ ይቅር፤ እኔን ያቃጠለኝ ይኼ ነው። የማርቆስ አያት እንኳ ቆርቆሮ አግኝተዋል።

አምሳለ፣ እስቲ ጠላ ቅጅልኝ። አይ፣ በእሱ አይደለም። ቆይ፣ ከቦርሳዬ ላውጣ። በዚህች።

አዎ፣ እኔ ነኝ የወሰድኳት። ጋቢውንና ሰዓቱን አመሰግናለሁ፤ የጡረታ ስጦታዬ ግን ይህች ናት። ሙሉውን ቅጅው፣ አትፍሪ። እጀታ የላትም እንጂ ስትያዝ ደህና ናት። እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ወይ ከነጮቹ አንዱን ትሰጡታላችሁ፣ ወይ ገበያ ወጥታችሁ ሌላ ሰማያዊ ትገዛላችሁ። ባለሱቁ ለማን ነው ቢላችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ።

በሉ ልመርቅና ልውረድ፤ እናንተም ለጥብሱ ቸኩላችኋል።

አምሳለ፣ ጉልበትሽን አይንሳሽ። አቶ ዓለምነው፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፤ ቀጥሎም ድፍረት ይጨምርልዎ። ወገኔ፣ በረኛ ይስጥህ። ተማሪዎቻችን ከእኛ የተሻሉ ይሁኑ፤ ይህ እግዚአብሔርን ብዙ የሚያስቸግር ልመና አይደለም። ሀብቱ፣ እጅህ ይባረክ፤ የአባትህም እጅ ይባረክ፤ እሑድ ከጎሉ ኋላ ታገኘኛለህ፤ ጋቢዬን ለብሼ።

ለቀራችሁት ደግሞ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ እግዚአብሔር ሰማያዊ መንግሥቱን ያውርሳችሁ። እዚያ ግን ነጭ ኩባያ የለም አሉ፤ ሁሉም ሰማያዊ ነው።